ባሕር ዛፍ ይበቃል

«ባሕር ዛፍ ይበቃል። ዶቅማ ምን ያደርጋል? ለስንት ጊዜ ብለህ ነው?»

ይህን ያለው ዓለምነህ ነው፤ የአድማሴ ልጅ ባል። ጧት፣ ፀሐይ ገና ሳትወጣ፣ ከቤቱ ጀርባ የውኃ በርሜሉ አጠገብ ቆሞ አናጢውን በስልክ እያነጋገረ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎታል፤ ዳሩ ግን መስኮቱ የቆርቆሮ ስለሆነ አልጠቀመውም። አድማሴ ሳሎን ውስጥ መሬት ላይ በተነጠፈለት የስፖንጅ ፍራሽ ላይ ነቅቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ አባታችን ሆይ እያደረሰ ነበር። «ለስንት ጊዜ» የምትለዋ ቃል ስትደርሰው ጸሎቱ አፉ ላይ ቆመ። የት እንደደረሰ ጠፋውና ከመጀመሪያው ሊጀምር ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከመጋረጃው ወዲያ፣ ጠባቧ መኝታ ክፍል ውስጥ፣ ልጁ ያምሮት ተኝታለች። ሰምታ ይሆን? ትንፋሹን ውጦ አዳመጠ። አልጋው አንዴ ሲጢጥ አለ፤ ከዚያ ሌላ ምንም የለም።

በረንዳውን የጠየቀች ራሷ ያምሮት ናት። ቤቱ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በማኅበር የተመሩት ቦታ ላይ የተሠራ ነው፤ ሚሊኒየሙ በገባ ዓመት ነው ጣራውን የመቱት። ቦታው ቁልቁለት በመሆኑ የፊት በሩ ደፍ ከግቢው በወገብ ቁመት ከፍ ይላል፤ መውጫ መውረጃውም የተደራረበ ድንጋይ ነው። ጤነኛ ሳለች የተማሪዎቿን ደብተር ብብቷ ሥር ወትፋ ያን ድንጋይ በሁለት እርምጃ ትወርደው ነበር። አሁን ግን ወደ ደጅ ለመውጣት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ክፍሏ ደግሞ ፀሐይ አይገባትም። «ከደፉ ጋር እኩል የሆነ፣ መደገፊያ ያለው የእንጨት በረንዳ ቢሠራልኝ ራሴ ወጥቼ ፀሐይ እሞቅ ነበር» አለች፤ አባቷ ከሽንዲ በመጣ ማግስት። የጉበቷን ነገር የባሕር ዳር ሐኪሞች ለዓለምነህ ለብቻው ነግረውታል። ዓለምነህ ለአድማሴ ነግሮታል። ለእሷ ማንም አልነገራትም፤ በሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገረውም። አድማሴ ለሕክምና ይሆናል ብሎ በሬውን ሸጦ የያዘው ብር እስካሁን በመቀነቱ ተቋጥሮ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። አምጣ የሚለው ሰው የለም።

በረንዳ ስትል ታዲያ ደስ አለው። አንድ የሚሠራላት ነገር ተገኘ። አናጢውን ወንዳወቅን ግቢው ድረስ አስጠርቶ ወለሉ ዶቅማ፣ መደገፊያው ወይራ እንዲሆን ያዘዘው ራሱ ነበር።

አድማሴ እንጨት ያውቃል። አርባ ክረምት ያረሰ ገበሬ ሌላ ነገር ባያውቅ ይህን ማወቅ አለበት፤ ሞፈሩ ከምን እንደሚቆረጥ፣ ድግሩ ከምን እንደሚጠረብ፣ የትኛው ጭቃ ውስጥ ከርሞ እንደማይበሰብስ፣ የትኛውን ምስጥ ገና በዓመቱ ዱቄት እንደሚያደርገው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ቀጥ ብሎ ስለሚያድግም ለጣራና ለግድግዳ ይሆናል። ውጭ ሲውል ግን፣ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ሁለት ክረምት ካለፈው የሰው ተረከዝ አይሸከምም። ዶቅማ እንዲህ አይደለም። ወንዝ ዳር ቆሞ ዕድሜውን እየፈጀ፣ ዓመቱን በዓመቱ ላይ እየጫነ፣ ጥቅጥቅ ብሎ ነው የሚያድገው። ተጋዝቶ ጣውላ ከሆነም በኋላ ክረምቱ ያጠቁረው እንደሆነ እንጂ ውኃ ወደ ውስጡ አያስገባም። ወይራ ከሁሉም ይብሳል። ወንዝ ውስጥ ቢጥሉት እንደ ድንጋይ ይሰጥማል፤ እጅ በያዘው ቁጥር እየለሰለሰና እየወዛ ይሄዳል እንጂ አያረጅም። ልጁ ተነሥታ ስትይዘው፣ ቀስ በቀስ ስትለምደው፣ አንድ ቀን ሳትይዘው ስታልፍ በዓይኑ ይታየው ነበር። እና አሁን ይህ ሰው፣ ገና በሕይወት ሳለች፣ ቀኗን ቆጥሮ ባሕር ዛፍ ይበቃታል ይላል። ወጣት ነው፤ ደመወዝተኛ ነው፤ ከርሞ ሌላ ያገባል። አድማሴ የጋቢውን ጫፍ ነከሰ።

ዓለምነህ ሻይ አፍልቶ ገባ። ያምሮት ከታመመች ወዲህ ሻይ ማፍላት፣ ሹሮ መሥራት፣ አንሶላ ማጠብ ለምዷል፤ የሸሚዙ እጅጌ ላይ የከሰል ጥላሸት አለ።

«አባባ፣ ትንሽ ቅመሱ እንጂ» አለ ዳቦውን እየቆረሰ።

«ረቡዕ ነው።»

«ሻዩንስ?»

«ቡሬ ደርሼ እመጣለሁ።»

ዓለምነህ ቢላውን ይዞ ቆመ። «ቡሬ ምን ሊሠሩ?»

«ሰው አለኝ።»

ዓለምነህ አንድ ነገር ሊል ከንፈሩን አላቀቀና ወደ መጋረጃው አየ፤ ከዚያ ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረ። አድማሴ ዝምታውን እንደ ጥፋተኛ ሰው ዝምታ ቆጠረው። ልጁን ሊሰናበት መጋረጃውን ገለጠ። ያምሮት ዓይኗን ከፍታ ጣራውን ታያለች፤ ፊቷም ዓይኗም እንደ ጠጅ ቢጫ ሆኗል። ፈገግ አለላት። «ቶሎ ይመለሱ አባቴ» አለች፤ ወዴት እንደሆነ አልጠየቀችም።

ሚኒባሱ ዋናው መንገድ ላይ ነበር የሚጠራው፤ «ቡሬ፣ ቡሬ፣ የሞላ!» ያልሞላ። አጠገቡ የተቀመጠች ነጋዴ ሴት የበርበሬ ዋጋ ዘንድሮ እንዴት እንደወረደ መንገዱን ሙሉ አወራችለት። አድማሴ «ኧረግ» እና «እስቲ አሁን» እያለ አዳመጣት። በመስኮት በኩል ጤፉ ዘለላውን ጥሏል፤ ዳጉሳው ቀልቷል፤ የጥቅምት ሰማይ ጥርት ብሏል። በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ ማሳው ላይ ነው። የእሱን ጤፍ ጎረቤት ይጠብቅለታል። ያምሮት ትንሽ ሆና በጥቅምት ማሳ ዳር ቁጭ ብላ ወፍ ታባርር ነበር፤ የምታባርርበት ድምፅ ቀጭን ስለነበረ ወፎቹ ብዙም አይፈሯትም ነበር። ይህን አስታውሶ ሊስቅ ሲል ጋቢውን እስከ አፉ ሳበው።

የጣውላ ነጋዴው አምላኩ የጥንት ወዳጁ ነው፤ ሁለቱም ሽንዲ ላይ በአንድ ማኅበር ጽዋ ይጠጡ ነበር። መጋዘኑ ከቡሬ መገንጠያ አለፍ ብሎ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በረጅሙ ተሳሳሙ። የከብቱን፣ የእህሉን፣ የመንገዱን ተጠያየቁ። አምላኩ «ልጅህ አስተማሪዋስ እንዴት ናት?» ሲለው አድማሴ «ደኅና ናት፣ ይመስገን» አለ። ከአፉ ቀድሞ የወጣው እሱ ነው። «በረንዳ ላሠራላት ነው። ዶቅማ እፈልጋለሁ፤ ለመደገፊያ ደግሞ ወይራ።»

አምላኩ ደስ አለው። ዛሬ ዛሬ እንዲህ ብሎ የሚመጣ ሰው የለም፤ ሁሉም ርካሹን ነው የሚፈልገው። ከመጋዘኑ ጥግ፣ ከባሕር ዛፉ ክምር ኋላ፣ ጆንያ የለበሱ ጣውላዎች ጎትቶ አወጣ፤ ለብቻው አልቻለም፣ በአንድ ጫፍ አድማሴ ገባለት። ጣውላው ቀላ ያለ፣ እንደ ጉበት የጠቆረ ነበር፤ አድማሴ ይህ ሲመጣበት ዓይኑን መለሰ። በጣቱ አንጓ አንኳኳው፤ ጥርት ያለ የደወል ድምፅ ሰጠ። በጥፍሩ ጫረው፤ ምልክት አልያዘም። አምላኩ ከጆጉ ውኃ አፈሰሰበት፤ ውኃው ቅባት የነካው ድስት ላይ እንዳረፈ ነጠብጣብ ሆኖ ቆመ፣ አልሰረገም። አድማሴ መዳፉን አሳረፈበት። ከባድ፣ ቀዝቃዛ፣ እርግጥ የሆነ ነገር ነው። ስንት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ «እግዜር ያውቃል» ሲለው ከርሞ፣ እጁን የማይከዳ ነገር ሲያገኝ ደስ አለው።

«ስንት ዓመት ይቆያል?» አለ፤ መልሱን እያወቀ።

«እኔንም አንተንም ቀብሮ ይቆያል። ምን አንተን ብቻ! ያስተማሪዋ ልጅ ትዳርበታለች ስልህ!»

አድማሴ መቀነቱን ፈታ። በዋጋ አልተከራከረም፤ አምላኩ እንኳ ደንግጦ በራሱ ፈቃድ ቀነሰለት። በቆሎ ጭኖ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ አይሱዙ ተገኘ። ረዳቱ ጣውላውን ወደ ላይ ሲያነሳ «አባት፣ ይኸ እንጨት ነው ብረት?» ብሎ ሲያቃስት አድማሴ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ከዋናው መንገድ በፈረስ ጋሪ አስጭኖ ቤት ሲደርስ ቀትር አልፏል። ዓለምነህ ቢሮ ነው። ወንዳወቅ አግዳሚዎቹን በቋሚዎቹ ላይ አስሮ ጨርሷል፤ ጧት የመጣው የባሕር ዛፍ ጣውላ አጥሩ ሥር ተደርድሯል፣ አዲስ ስለሆነ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። አናጢው የጋሪውን ጭነት ሲያይ መዶሻውን አስቀመጠ።

«አቶ ዓለምነህ ባሕር ዛፍ ነው ያሉኝ እኮ አያ አድማሴ።»

«የልጅቱ አባት ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያማ ሥራ።»

ወንዳወቅ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲህ ያለ እንጨት ሲያገኝም እጁ ይበላዋል። ጫፉን በመላጊያ ላግ ላግ አድርጎ ቀዩን ሥጋውን ሲያይ «ወይ ጉድ» አለ። ሥራው ግን አይፈጥንም። ዶቅማ ሚስማር አይቀበልም፤ በመሰርሰሪያ ካልበሱት ሚስማሩ እንደ ሽቦ ይቆለመማል። አድማሴ ጣውላውን በጉልበቱ ደግፎ እየያዘ፣ ወንዳወቅ እየበሳ፣ አንዱን ጣውላ ለመምታት ባሕር ዛፍ ቢሆን አምስቱን የሚመቱበት ጊዜ ሄደ። ሦስተኛውን መትተው አራተኛውን ሲያነሱ ያምሮትን የምታስታምማት ጎረቤት እህተ ማርያም በሩ ላይ ብቅ አለች። «አያ አድማሴ፣ ትጠራዎታለች» አለችና እሷው ድንጋዩን ወርዳ ወደ ቤቷ አለፈች።

ያምሮት በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፈገግ አለላት።

«የምትመቱት ምንድን ነው አባቴ?»

«ወለሉን ነዋ። እስከ ማታ እናደርሰዋለን።»

«እንጨቱን ነው የምልዎት። ድምፁ የባሕር ዛፍ አይደለም።»

«ዶቅማ ነው» አለ፤ ኩራቱን መደበቅ አልቻለም። «መደገፊያው ወይራ። ከቡሬ ነው ያመጣሁት። ምስጥ አይበላው፣ ዝናብ አይነካው። ያንቺ ልጆች…» ብሎ ቆመ።

እሷ አላዘነችም፤ ወይም እንዳዘነች አላሳየችም። አልጋው ጫፍ ላይ እንዲቀመጥ በእጇ ጠቆመችው። እስኪቀመጥ ጠበቀችና፣ «ጧት ዓለምነህ ሲያወራ ሰምተውታል አይደል?» አለችው። «እኔም ሰምቻለሁ። ቁርሱን ትተው ሲወጡ ገባኝ። አባቴ፣ ባሕር ዛፍ አድርገው ያልኩት እኔ ነኝ። ለስንት ጊዜ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። እሱ ሌሊቱን ሙሉ በሹክሹክታ አይሆንም ሲለኝ ነው ያደረው።»

አድማሴ የተባለው ገብቶት ሳለ እንዳልገባው ሰው ተመለከታት። «ማን ነገረሽ?» አለ በመጨረሻ፤ የጠየቀው ስለ እንጨቱ አልነበረም።

«ማንም። ስትገቡ ሁላችሁም ፈገግ ትላላችሁ። ደኅና ሳለሁ እርስዎ መቼ ፈገግ ብለውልኝ ያውቃሉ?»

ውጭ ወንዳወቅ እየበሳ ነው፤ የመሰርሰሪያው ድምፅ ጣውላው መሐል ሲደርስ ይጎረንናል። አድማሴ ፊቱን ምን እንደሚያደርገው ጠፋው። ፈገግታው አሁንም እዚያው እንዳለ ተሰማውና በእጁ አበሰው።

«ዓለምነህ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው» አለች፤ ትንፋሿ እያጠራት በየመሐሉ እያረፈች። «ከዚህ ቤት የትም አይሄድም፤ ያለን ይኸው ነው። ሲወጣ ሲገባ ይረግጠዋል። ዶቅማ ከሆነ እስኪሸብት አይለቀውም፤ በየጧቱ እኔን እየረገጠ ነው ቢሮ የሚሄደው። የምታገባው ሴትም እኔ በተደገፍኩበት ነው የምትደገፈው። ባሕር ዛፍ ግን ሁለት ክረምት ነው። ይበሰብሳል፣ ይነቅለዋል፣ የራሱን ይሠራል። አታክብዱበት።»

«ለምን ይረሳሻል?» ድምፁ ሳያስበው ጮኸ።

«ይርሳኝ አላልኩም። እንዳይደናቀፍብኝ ነው።»

አድማሴ አቀረቀረ። ሊላት የሚፈልገው ብዙ ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል ሊላት፣ ጠበል አለ ሊላት፣ ከቡሬ እስከዚህ ያን ጣውላ ስደግፍ ምን እያሰብኩ እንደመጣሁ ብታውቂ ሊላት። በዚያ ፈንታ እጇን ያዘ። እሷ ወደ እሱ ጠጋ ብላ፣ ትምህርት ቤት ገብታ «እርስዎ» ማለት ከመማሯ በፊት፣ ማሳ ዳር ቁጭ ብላ ወፍ ስታባርር በምትጠራው አጠራር፣ «አባቴ፣ እሺ በለኝ» አለችው። «አንተ እሺ ካላልከኝ ማን ይለኛል?»

«እሺ» አላት።

ወደ ደጅ ሲወጣ ፀሐዩ አወረው። ወንዳወቅ አራተኛውን ጣውላ በስቶ ሚስማር ይመርጣል።

«ንቀለው» አለው አድማሴ።

«ምኑን?»

«የመታኸውን። ባሕር ዛፉን አምጣ።»

አናጢው የሰማውን ማመን አቅቶት ሳቅ ሊል ነበር፤ የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ተወው። ዶቅማ የያዘውን ሚስማር በቀላሉ አይለቅም። ፒንሳው አዳልጦ ወጣ፤ የአንዱ ሚስማር ራስ ተቆርጦ ቀረ። አድማሴ ዲጂኖውን ተቀበለና ጫፉን ከጣውላው ሥር አስገብቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ተጫነው። ሚስማሩ ከእንጨቱ ሲወጣ እንደ ሰው ጮኸ። ውስጥ እንደምትሰማው ያውቃል። ጥርሱን ነክሶ ወደ ቀጣዩ ሄደ። መንቀሉ ከመምታቱ ይልቅ ረዘመባቸው፤ የአድማሴ መዳፍ ተልጦ ዲጂኖው ላይ ደም ሆነ፤ ወንዳወቅ ልቀበልዎት ቢለውም አልሰጠም።

ዓለምነህ ከቢሮ ሲመለስ የመጨረሻውን እየነቀሉ ነበር። በሩ ላይ ቆመ። ጋሪው ካወረደበት ያልተነሳውን ወይራ አየ፣ በየቦታው የተበሳውን ዶቅማ አየ፣ አማቱን አየ። ምንም ሳይጠይቅ ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና የባሕር ዛፍ ጣውላ በሁለት ክንዱ ታቅፎ መጣ። ባሕር ዛፉ ታዛዥ ነው፤ ሚስማሩ በሁለት ምት ይገባለታል። ሦስቱ ወንዶች ጎን ለጎን ተንበርክከው ወለሉን እየሞሉ ሄዱ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ አድማሴ በመጨረሻ፤ ዓይኑን ከጣውላው ሳያነሳ።

«አትንገረው ብላኝ ነው።»

«ስሰድብህ ነው የዋልኩት። በልቤ።»

«አውቃለሁ አባባ» አለ ዓለምነህ። አንድ ሚስማር መታ፤ ሁለተኛውን ሊመታ መዶሻውን አነሳና እጁ አየር ላይ ቆመ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ወንዳወቅ ውኃ ሊጠጣ እንደሄደ ሰው ተነሥቶ ወደ በርሜሉ ሄደ። አድማሴ በተላጠ እጁ የዓለምነህን ማጅራት ያዘው፤ እንዲሁ ይዞት ቆየ።

ወለሉ አለቀ፤ መደገፊያው ለነገ ቀረ። ወንዳወቅ ዕቃውን ሲሰበስብ ዶቅማውንና ወይራውን ምን እንደሚያደርገው ጠየቀ። «አንተ ውሰደው» አለው አድማሴ። «ልጅ ላለው ሰው ሥራበት።» አናጢው የጣውላውን ዋጋ ያውቃልና ሊቃወም አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣና ሄደ።

ፀሐይዋ ወደ ቡሬ በኩል አዘንብላ አዲሱ ወለል ላይ ደርሳለች። ያምሮት በእግሬ ነው የምወጣው አለች። ዓለምነህ በአንድ በኩል፣ አባቷ በሌላው ሆነው ደፉን አሻገሯት፤ ባሕር ዛፉ ከሦስቱም እግር ሥር ትንሽ ረገብ አለ። ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ብርሃኑ አቀናች። መንገድ ላይ የሚያልፉ የትምህርት ቤት ልጆች «ቲቸር! ቲቸር ያምሮት!» ብለው ተጣሩ፣ እሷም እጇን አነሳችላቸው። ከዚያ ጉልበቷ ከዳትና ዓለምነህ ትራስ ሊያመጣ ሮጠ። መደገፊያ ስለሌለ አድማሴ ወለሉ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠና ጀርባዋን ደረቱ ላይ አስጠጋት። ቆዳዋ ከቀሚሷ ውስጥ ይፋጃል፤ ፀጉሯ አገጩን ነካው። እስክትመቻች ሳይነቃነቅ ጠበቃት።

«ከበድኩህ?» አለችው።

ክብደቷ እስኪያርፍበት ድረስ ገና እየጠበቀ ነበር፤ አልመጣም።

«አዎን» አላት። «ከብደሻል።»